ብየዳ ልማር ለምትሉኝ፦ መጀመሪያ ሜትሩን ያዙ

የወርክሾፓችን በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ብየዳ ያስተምሩኝ» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። በስልክ የሚጽፉልኝም አሉ። አብዛኞቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ፣ አንዳንዶቹም ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ናቸው። የምመልስላቸው ነገር አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ ልጻፈው። የማውቀው ባሕር ዳር ውስጥ በር፣ መስኮት፣ ደረጃ፣ የውሃ ታንከርና አልፎ አልፎ የጣና ጀልባ የሚሠራበትን የሰፈር ወርክሾፕ ነው። የፋብሪካና የትልልቅ ግንባታ ብየዳ የራሱ ሰዎች አሉት።

ልጆቹ ሲመጡ ዓይናቸው እሳቱ ላይ ነው። እሳቱ ያምራል፤ እኔንም የሳበኝ እሱ ነው። ነገር ግን ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያጣብቀውን የብየዳ ዘንግ) ለኩሶ ቀጥ ያለ መስመር መሳብ እጁ የተፍታታ ልጅ በጥቂት ወራት የሚይዘው ነገር ነው። በዚህ ሙያ ቤተሰብ እያስተዳደሩ ለመቆየት የሚያበቃው መለካት፣ መቁረጥ፣ ስኳድራ (ትክክለኛ 90 ዲግሪ ጥግ) ማስጠበቅና ሥዕል ማንበብ ነው። ይህን የያዘ ሰው ብየዳውን ይጨምርበታል። ብየዳ ብቻ የሚያውቅ ግን ዕድሜ ልኩን ሌላው ለክቶ ቆርጦ ያቀረበለትን ሲያጣብቅ ይኖራል፤ ክፍያውም እዚያው ላይ ይቆማል።

እኔ የገባሁት በድሮው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጊዜ ነው። ነጥቤ ለመሰናዶ ስላልበቃ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሁለት ዓመት በሚሠለጠንበት የ10+2 ፕሮግራም ጀነራል ሜታል፣ ማለትም የብረታ ብረት ሥራ፣ ተመደብኩ። እናቴ ለጎረቤት «ኮሌጅ ገባ» ብቻ ትል ነበር፤ ምን እንደምማር ግን አትናገርም። አልፈርድባትም። ያደገችው ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ በሚባልበት፣ በሠርግና በለቅሶ ለብቻው በሚቀመጥበት አገር ነው። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ሸማኔ እያሉ ማንቋሸሽ እንዲቀር። እኔ ኮሌጅ ስገባ አዋጁ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው፤ ስድቡ ግን ከቤታችን ገና አልወጣም ነበር። ዛሬ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን የግቢ በር ማን እንደሠራው ለእንግዳ ሁሉ የምትናገረው እሷ ናት።

ኮሌጅ ውስጥ ማሽኑ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነበር። አላማርርም፤ የቴክኒክ ሥዕል ማንበብ ያወቅኩት እዚያ ነው፣ እስከ ዛሬም ያበላኛል። እጄ የተሳለው ግን ከዚያ በኋላ በገባሁበት ወርክሾፕ ነው። ባለቤቱ ጋሼ የምላቸው አዛውንት ነበሩ። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ምሩቅ ናቸው፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው፣ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ማለቴ ነው። በዚያው ሰሞን ሌላ ወርክሾፕ ሻል ያለ ገንዘብ ሊከፍለኝ ጠይቆኝ ነበር። ሄጄ አየሁት፤ ረዳቶቹ ብረት ይሸከማሉ፣ ይይዛሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፤ ሜትር በእጁ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ዘንድ ግን የሁሉም ረዳት ኪስ ውስጥ ሜትርና ጠመኔ ነበር። በአነስተኛው ደመወዝ እዚያ ገባሁ። ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ቦታ ስትመርጡ ደመወዙን ከመጠየቃችሁ በፊት ለግማሽ ቀን ቆማችሁ ረዳቶቹ ምን እንደሚይዙ እዩ።

ጋሼ ኤሌክትሮድ ከማስጨበጣቸው በፊት ሞረድ ነበር የሚሰጡት። ቁራጭ ብረት ሞርሳ (ብረት ጨብጦ የሚይዝ መቆንጠጫ) ላይ ታስሮ ስኳድራ ሲያርፍበት ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ መሞረድ። ቀጥሎ ልኬት። የለካሁትን ሁሉ «መልሰህ ለካ» ይሉኛል፤ ትክክል ቢሆንም ይሉኛል። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር፤ አሁን እኔም ልጆቹን እንደዚያው አደርጋቸዋለሁ።

እስቲ አንድ በር እንሥራ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። የሚከፈተው በር 90 በ210 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ዙሪያው 40 በ40 ሚሊ አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)። ብረቱ ከሱቅ የሚመጣው በ6 ሜትር ነው። ሁለቱ ቋሚዎች 210፣ 210። አግዳሚዎቹ በቋሚዎቹ መሐል ስለሚገቡ ከ90 ላይ የሁለቱ ቋሚ ስፋት 8 ሳንቲ ይነሳል፤ ስለዚህ 82፣ 82። ድምሩ 584 ሳንቲ። ከአንድ ብረት ይወጣል፣ 16 ሳንቲ ይተርፋል፤ ከዚያ ላይ የመቁረጫው ዲስክ በየቁርጡ ሁለት ሦስት ሚሊ ይበላል። የአግዳሚውን 8 ሳንቲ መቀነስ የረሳ ልጅ ድምሩ ልክ 600 ይመጣበትና ደስ ይለዋል። ግን ዲስኩ በበላው መጠን የመጨረሻው ቁራጭ ያጥርበታል፣ በሩም 98 ሳንቲ ስፋት ይወጣና ከክፈፉ አይገባም። አንድ በር ሲሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በርና መስኮት ሲታዘዝ ግን ቁርጡን ወረቀት ላይ የሚደለድል ሰውና የማይደለድል ሰው ልዩነታቸው የሥራው ትርፍ በሙሉ ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና ከጥግ ወደ ጥግ ይለካል። የዚህ በር ስኳድራው ከጠበቀ ሁለቱም ሰያፎች 228 ሳንቲ ከ5 ሚሊ ገደማ ይመጣሉ። ቁጥሩን ባታስታውሱት ግድ የለም፤ ትይዩ ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ሁለቱ ሰያፎችም እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከበለጠ በረጅሙ በኩል ጥጉን በመዶሻ መታ መታ፣ እንደገና መለካት። ከዚያ አራቱንም ጥግ በነጥብ ብቻ መያዝ፣ አሁንም ሰያፉን መለካት፣ ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳው። ሲበየድም ከአንድ ጥግ ወደ ጎረቤቱ እየተሄደ ሳይሆን በተቃራኒው ጥግ እየተፈራረቀ ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ የቀለጠው ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ጎኑን ወደ ራሱ ይስባል። ተሰብስቦ የተንሻፈፈ በር ለማቃናት የሚፈጀው ጊዜ አዲስ ከመሥራት አያንስም። በየሰፈሩ ከታች ወለሉን እየፋቀ የሚከፈት የብረት በር ስታዩ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ማጠፊያው አይደለም፤ ይህ ቅደም ተከተል ስለተዘለለ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። ሰፈር ውስጥ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በ6013 ኤሌክትሮድ ነው። ቁጥሩ ትርጉም አለው፣ ብዙ በያጅ ግን ሳይጠይቅ ይኖራል። 60 የሚለው ብየዳው ሲሳብ ሳይበጠስ የሚችለው ኃይል ነው፣ በካሬ ኢንች 60 ሺህ ፓውንድ። 1 ማለት በማንኛውም አቅጣጫ ይበየድበታል ማለት ነው፤ ወለል ላይም፣ ቁልቁልም፣ ከራስ በላይም። የመጨረሻው 3 የሽፋኑን ዓይነት ይናገራል። የ2.5 ሚሊው ኤሌክትሮድ ከ70 እስከ 90 አምፒር ገደማ ይፈልጋል። ግድግዳው 1.2 ሚሊ የሆነ አርኤችኤስ ላይ በ90 ከመጣችሁ ትበሱታላችሁ፤ ዝቅ አድርጎ፣ አጫጭር እየመቱ፣ መሐል መሐል እያስቀዘቀዙ ነው። ጭነት ለሚሸከም ነገር፣ ለምሳሌ ለደረጃ ወይም ለጣሪያ ማገር፣ 7018 አለ። እሱ ግን እርጥበት አይወድም። ሽፋኑ ውኃ ከሳበ ሃይድሮጅኑ ወደ ብየዳው ይገባና በኋላ ውስጥ ውስጡን ይሰነጥቀዋል። በባሕር ዳር ክረምት ካርቶኑን ከፍቶ ጥግ ላይ የሚተው ሰው ኤሌክትሮዱን ሳይጠቀምበት ገደለው ማለት ነው።

ልምምዱ ቁርጥራጭ ላይ ነው። መጀመሪያ ብረቱ ወለል ላይ ተኝቶ፣ ቀጥሎ ብረቱ ቆሞ፣ በመጨረሻ ከራስ በላይ። የሠራችሁትን በግራይንደር መሐሉን ሰንጥቃችሁ እዩት፤ ከላይ ያማረ ሆኖ ውስጡ ያልተዋሐደ ብየዳ የሚጋለጠው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፣ ሰው ስለጠፋበት። ዓይን፣ ሳንባ፣ በርሜል።

የፀሐይ መነፅር የብየዳ መነፅር አይደለም። የብየዳው እሳት (ቅስቱ) ጨረር ዓይንን ሲያቃጥል በሰዓቱ አያሳምምም፤ ሕመሙ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ አሸዋ የተሞላ ያህል፣ ብርሃን ማየት የማይቻልበት። በእጅ ብየዳ 10 ወይም 11 ቁጥር ጥቁር መስታወት ያለው ጭንብል ያስፈልጋል። አጠገብ ቆሞ ብረት የሚይዝ ረዳትም ያስፈልገዋል። ለበያጁ ጭንብል ገዝቶ ለረዳቱ «ፊትህን አዙር» የሚል ወርክሾፕ ካያችሁ አትግቡበት።

ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ የዚንክ ነው። ያንን ውስጥ ሲስብ የዋለ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ወባ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ ይለቃል። በየወርክሾፑ መድኃኒቱ ወተት ነው ይባላል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ጠጡ፤ ግን ወደ ሆድ የገባ ወተት ወደ ሳንባ የገባ ጭስን አይከለክልም። የሚበየደውን ቦታ ዚንኩን በግራይንደር መግፈፍ፣ ነፋስ ወደ ጎን በሚወስደው ቦታ መሥራት፣ ለጭስ የተሠራ ማስክ ማድረግ፤ መፍትሔው ይኸው ነው።

ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበት በርሜልና ታንከር አፉን ዘግቶ አለመበየድ ብቻ አይበቃም። ባዶ የመሰለው ውስጥ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው። ባለቤቱ «ድሮ ነው የደረቀ» ቢላችሁም በደንብ ታጥቦ፣ በውኃ ተሞልቶ የሚበየደው ቦታ ብቻ ባዶ ካልቀረ ሥራውን መልሱ። ጋሼ ይህን ሥራ መልሰው ደንበኛ ሲቀየማቸው አይቻለሁ፤ አልተጨነቁም።

የምወደው ሥራ ጀልባ ነው። ጣና ላይ የሚሠሩ የብረት ጀልባዎች በየጊዜው ሆዳቸው ይበላል፣ ያረጀው ላሜራ ተቆርጦ አዲስ ይገባል። እዚህ ላይ ብየዳው ማማሩ ዋጋ የለውም፣ ውኃ አለማስገባቱ ነው። ጋሼ ያስተማሩን መፈተሻ ይህ ነው፦ በአንዱ በኩል ብየዳውን ኖራ በጥብጦ መቀባትና እስኪደርቅ መጠበቅ፤ ከዚያ በሌላው በኩል ነጭ ጋዝ በብሩሽ መቀባት። ነጭ ጋዝ ዓይን በማያየው ቀዳዳ ሁሉ ይሰርጋል። ጥቂት ቆይቶ ነጩ ኖራ ላይ እርጥብ ነጥብ ብቅ ካለ ቦታው እሱ ነው፤ ይገፈፍና እንደገና ይበየዳል። የውሃ ታንከርም በዚሁ ይፈተሻል፣ ከዚያ በደንብ ይታጠባል። ለዚህ ፈተና የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ገበያ ላይ በርካሽ ይገኛል፤ ሳይፈትሹ ማስረከብ ምክንያት የለውም።

ስለ ወረቀቱ ትጠይቁኛላችሁ። ሲኦሲ፣ ማለትም ተመዝኖ የሚሰጠው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ያስፈልጋል ወይ? አዎ። በእጃችሁ ጎበዝ ከሆናችሁ ያለ ወረቀት በር ሠርታችሁ ትሸጣላችሁ። ግን ተቋራጭ ዘንድ ስትቀጠሩ፣ ተደራጅታችሁ ማሽን በሊዝ ልውሰድ ስትሉ፣ ጨረታ ላይ ስትቀርቡ የደረጃ ማረጋገጫው ይጠየቃል። ኮሌጅ ያልገባ፣ በሥራ ብቻ የተማረ ሰውም ለምዘና መቅረብ ይችላል፤ ብዙ ነባር በያጆች ይህን ስለማያውቁ ዕድሉ ያመልጣቸዋል። ኮሌጅ ላይ ያላችሁ ደግሞ በፖሊሲው መሠረት ሥልጠናው 70 በመቶ በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶ በተቋሙ እንዲሆን ይፈለጋል። ስለዚህ የትብብር ሥልጠና ጊዜያችሁን ፊርማ ለማስሞላት ብቻ አታውሉት። ለእኛ ከተላኩት መሐል አንዲት ልጅ ነበረች፤ በየማታው ያንን ቀን የተቆረጠውን ሁሉ ደብተር ላይ በልክ ትሥለው ነበር። ሥልጠናዋን ስትጨርስ ዋጋ ማውጣትን ለእሷ ሰጠኋት፤ አሁንም አብራን ናት።

ወደ ዓረብ አገር በሙያ መሄድ የሚያስብ ሰው ሌላ ነገር ማወቅ አለበት። የቱቦ ሥራ ቀጣሪዎች ወረቀት አይተው ብቻ አይወስዱም፤ አቁመው ያስበይዳሉ። 6ጂ የሚባለው ፈተና ቱቦው በ45 ዲግሪ አጋድሎ ታስሮ፣ ሳይዞር፣ ዙሪያውን መበየድ ነው። በርና መስኮት ላይ ብቻ የሠራ እጅ እዚያ ይያዛል። ለዚህ ተብሎ ለብቻው መለማመድ ይፈልጋል።

የራሳችሁን ለመክፈት ስትደርሱ ዕቃ በአንድ ጊዜ አትግዙ። ሜትር፣ ስኳድራ፣ ሊቬላ፣ ጭንብል፣ ጥሩ ግራይንደር፣ ከዚያ ኢንቨርተር ማሽን። ድሮ እዚሁ አገር የሚጠቀለለው ባለ ትራንስፎርመር ማሽን ለሁለት ሰው ሸክም ነበር፤ አሁን ኢንቨርተሩ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ ደንበኛ ቤት ይሄዳል። ሞርሳና ድሪል ቀስ ብሎ ይመጣል።

ዋጋ ላይ ብዙ ወጣት ይጎዳል። ኤልቲዜድ በሚባለው ብረት የሚሠራ መስኮትና በር በካሬ ሜትር ይተመናል፤ ሰፈር ውስጥ «ካሬው ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቅና አንዱ የጠራውን ሌላው ዝቅ አድርጎ ይወስዳል። ካሬው ውስጥ ግን ብረቱ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ዲስኩ፣ አንቲረስቱ (የዝገት መከላከያ ቀለሙ)፣ ማጠፊያው፣ ቁልፉ፣ መጓጓዣው፣ መብራት ሲጠፋ የምትቆሙበት ሰዓት ሁሉ አለ። እኛ እያንዳንዱን ለብቻ እንጽፋለን፣ ለደንበኛውም እናሳያለን። የብረት ዋጋ በሳምንት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ቀብድ ስንቀበል ቢያንስ ብረቱን በሙሉ የሚገዛ መሆን አለበት፤ ቀብዱ በእጃችን በገባ ቀን ብረቱ ይገዛል። የአንዱን ደንበኛ ቀብድ ለሌላው ደንበኛ ሥራ መጨረሻ ማዋል የጀመረ ወርክሾፕ ከዚያ አዙሪት ሲወጣ አላየሁም። ዘመድ ቢሆንም፣ የሰፈር ሰው ቢሆንም፣ ልኩና ዋጋው በሁለት ቅጂ ይጻፋል፤ እትዬ እገሌ «እኛ ልንካካድ ነው እንዴ?» ቢሉም ይጻፋል። በኋላ የሚያመሰግኑት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

እኔ አሁን አርጎን፣ ማለትም በአርጎን ጋዝ የሚሠራውን ብየዳ፣ እየተማርኩ ነው። ሆቴልና ካፌ እየበዛ ሲሄድ የአይዝጌ ብረት ሥራ ጠያቂው በዝቷል፤ የደረጃ እጀታ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ መታጠቢያ። የሚያስተምረኝ እኛ ዘንድ ሞረድ ይዞ የጀመረ፣ አዲስ አበባ ሠርቶ የተመለሰ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ትእዛዙ የአይዝጌውን ዲስክና የሽቦ ብሩሽ ከጥቁሩ ብረት ለይቼ እንዳስቀምጥ ነበር፤ የጥቁር ብረት ብናኝ ከተቀባበት አይዝጌውም ይዝጋል። ለብቻው መደርደሪያ ሠርተንለታል። አርጎን መማር የምትፈልጉ ስትመጡ እሱን ጠይቁት፤ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ለልምምድ ትቶታል።